የተቀዳ ድምፅ ለምን ይሻክራል?

በዘመን መለወጫ በዓላችን ላይ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የመጡ አንድ አዛውንት ስለ ወጣትነት ዘመናቸው አንድ ሰዓት ያህል እንዳጫወቱን የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። ድምፃቸውን የቀዳሁት እኔ ነበርሁ። አባታችን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ የቀረልን ቅጂ ግን ጨዋታቸው በሞቀ ቁጥር ይሻክራል፣ ይሰነጣጠቃል። አንዳንድ አባላት «ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ነው» ብለዋል። አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ስለሆነም ምክንያቱን ማስረዳት ዕዳ ሆኖብኛል።

እንደሚታወቀው ድምፅ የአየር ሞገድ ነው። ማይክሮፎኑ ሞገዱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ ኮምፒዩተሩም በሰከንድ 44,100 ወይም 48,000 ጊዜ እየለካ በቁጥር ይመዘግበዋል። በተለመደው የ16 ቢት አመዘጋገብ 65,536 ደረጃዎች ብቻ አሉ። ከመጨረሻው ደረጃ በላይ የሚጻፍ ቁጥር የለም። ተናጋሪው ድምፁን ሲያነሣ ሞገዱ ጣሪያውን ይመታና ጫፉ ይቆረጣል። ይህ መቆረጥ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ባዕድ ድምፆችን ይወልዳል፤ ለጆሮ የሚሻክሩትም እነዚህ ናቸው። የድሮው ቴፕ መጠኑ ሲያልፍ ቀስ በቀስ ነበር የሚበላሸው፤ ኮምፒዩተር ግን ምሕረት የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኋላ ድምፁን መቀነስ የተቆረጠውን አይመልስም። የጎደለውን በግምት የሚሞሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለአጭር ቍራጭ ይረዳሉ፣ ለእኛ ቅጂ ግን አልበጁም።

በእኛ ትምህርት ሕመሙ የት እንዳለ ሳይለዩ መድኃኒት አይታዘዝም። እዚህም እንዲሁ ነው። ኦዳሲቲን በመሰለ ፕሮግራም ቅጂውን ከፍቶ ሞገዱን አጉልቶ ማየት ነው። ጫፎቹ የጠፈጠፉት ልክ ጣሪያው ላይ ከሆነ የቅጂው መጠን በዝቶ ነበር ማለት ነው። ከጣሪያው ዝቅ ብለው ከጠፈጠፉ ግን፣ ጉዳቱ የደረሰው ድምፁ ቁጥር ከመሆኑ በፊት ነው። የእኔ ይኸኛው ነበር። ከአዳራሹ ሚክሰር የሚወጣውን ብርቱ ኃይል፣ ለደካማ ማይክሮፎን በተሠራው የላፕቶፕ ቀዳዳ ሰካሁት። ከዚያም በስክሪኑ ላይ መጠኑን ዝቅ አድርጌ፣ መብራቱ አለመቅላቱን አይቼ፣ ተረጋግቼ ተቀመጥሁ! መቀነስ የነበረብኝ የሚክሰሩን መውጫ ነበር።

ሞገዱ ሳይቆረጥ ቅጭ ቅጭ የሚል ከተሰማ ሌላ ነገር ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሥራ በዝቶበት ናሙናዎቹን በጊዜ አላደረሰም። ሌሎችን ፕሮግራሞች መዝጋት፣ ባፈር የሚባለውንም ማስፋት ይጠቅማል፤ በ48,000 ፍጥነት 256 ናሙና 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ፋታ ሲሰጠው 1,024 ግን 21 ይሰጠዋል። ድምፁ የስልክ ከመሰለ ደግሞ የብሉቱዝ ማይክሮፎን መሆኑን ጠርጥሩ፤ ባለገመዱ ይሻላል።

ለወደፊቱ ከመጀመራችን በፊት ተናጋሪውን ሞቅ አድርገው እንዲናገሩ እንለምን፤ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው ከ6 እስከ 12 ዴሲቤል ዝቅ ይበል። በ24 ቢት ከቀዳን ዝቅ ማለቱ አያሳስብም፤ ኋላ ይነሣል። አንድ ስልክም በጎን ይቅዳ።

የአባታችን ቃል በጥሞና ሲያዳምጡት ይለያልና በጽሑፍ መገልበጥ ጀምሬአለሁ። እስካሁን 20 ደቂቃ ያህሉን ጨርሻለሁ። የአካባቢያቸውን አነጋገር የሚያውቅ አባል ቢረዳኝ ደስ ይለኛል።