ዕዳ ሲከብድ ማንን እናናግር?

አንዳንድ ሰው መስጂድ የሚቀይረው ሰፈር ስለለቀቀ አይደለም። አበዳሪው የመጀመሪያው ሰፍ ላይ ስለሚቆም ነው። መጀመሪያ ሱብሒን ቤቱ መስገድ ይጀምራል፤ ከዚያ ለጁሙዓ ሌላ ሰፈር ይሄዳል፤ ቀጥሎ ስልኩን ያጠፋል፤ በመጨረሻም ከሰርግና ከለቅሶ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ከገንዘቡ በላይ የሚጎዳው ይህ ሽሽት ነው። አበዳሪ ዝም ያለውን ሰው «አጥቶ ነው» አይለውም፤ «ሊክደኝ ነው» ነው የሚለው።

መበደር በራሱ ነውር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሲሞቱ ጥሩራቸው በተበደሩት ገብስ ምክንያት አንድ አይሁዳዊ ዘንድ በመያዣነት ተቀምጦ ነበር። በሌላ በኩል ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ሲቀርብላቸው፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ እስኪሉ ድረስ አልሰገዱበትም። በኋላ አላህ ሲሳዩን ሲያሰፋላቸው ግን መክፈያ ሳይተው የሞተን ሙእሚን ዕዳ ራሳቸው መክፈል ጀመሩ። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ባለዕዳው ብቻውን እንዲሸከመው የተተወም አይደለም።

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ለማን፣ ስንት፣ መቼ፣ በምን መያዣ? አስቀድመው የወሰዱትን ዕቁብ ቀሪ ክፍያና የሰፈሩን ሱቅ ዱቤ አይርሱ፤ ብዙዎች ዕዳ ብለው አይቆጥሯቸውም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር ነው። በአገራችንም በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ የቤት አስቤዛ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ «ወንድሜ ነው፣ ምን ያስጽፋል» የምንባባልበት ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ሥር ይወድቃል።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ወደ አበዳሪው መሄድ ነው፤ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ሳይሆን ከመድረሱ በፊት። «ሳገኝ እሰጥሃለሁ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። «በየወሩ ይህን ያህል እችላለሁ» ብሎ ትንሽም ብትሆን የመጀመሪያዋን ይዞ መቅረብ ይሻላል። ማፈር ካለ አንድ ሽማግሌ ወይም የመስጂዱን ኢማም ይዞ መሄድ ነው። አበዳሪም ድርሻ አለበት፦ የቸገረውን እስኪደላው መጠበቅ በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ የታዘዘ ነው፤ መተው ደግሞ ይበልጣል። ይህ ግን በእውነት ላጣ ሰው ነው። እያለው የሚያጓትት ሰው በሐዲሥ በዳይ ተብሏል፤ አዲስ መኪና እየነዱ «እስኪደላኝ» ማለት አይሰራም።

ብዙ ወገኖች የማያውቁት ነገር ቢኖር ዘካ ለእነርሱም መሆኑን ነው። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ከተዘረዘሩት ስምንት የዘካ ባለመብቶች መካከል «ጋሪሙን» ማለት ባለዕዳዎች ናቸው። ለቀለብ፣ ለሕክምና፣ ወይም ለከሰረ ንግድ ተበድሮ መክፈል ያቃተው ሰው እጁን ሲዘረጋ መብቱን እየጠየቀ ነው። የጻፈውን ዝርዝር ይዞ የመስጂዱን ኮሚቴ ቢያነጋግር ነገሩን ለማጣራትም ይቀላል። ነጋዴዎች ደጋግመው የሚጠይቁት አለ፦ «ያበደርኩትን ትቼለት ከዘካዬ ልቁጠረው?» አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት አይቆጠርም ብለዋል። ዘካውን በእጁ ቢሰጠውና ተቀባዩ ያለ ቅድመ ሁኔታ፣ በራሱ ፈቃድ ዕዳውን ቢከፍልበት ግን ይቻላል።

ወደ አራጣ አበዳሪ መሄድ ግን ዕዳን በዕዳ ማባዛት ነው። ሪባ ሐራም መሆኑ ይታወቃል፤ አራጣ በአገሪቱ የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ለመያዣ ተብሎ ቀኑ ክፍት የሆነ ቼክ ፈርሞ መስጠትም አደገኛ ነው፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ወንጀል ስለሆነ የገንዘብ ክርክር የነበረው ነገር በአንድ ቀን ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። እንደ ዘምዘምና ሒጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ መጀመራቸው መልካም ነው። ሆኖም አሮጌ ዕዳ ለመክፈል ጥሬ ገንዘብ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ በሙራበሓ ባንኩ ዕቃ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጣል እንጂ ገንዘብ ቆጥሮ አያበድርም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የሟች ዕዳ የሚከፈለው ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ነው። ባለቤቱ የማታውቀውን ዕዳ ትቶ የሄደ ሰው ቤተሰብ ለቅሶ ላይ እያለ በር ይንኳኳበታል፤ እውነተኛውን አበዳሪ ከአጭበርባሪው የሚለይላት ሰው አይኖርም። የዝርዝሩን አንድ ቅጂ ለሚስት ወይም ለሚታመን ወንድም መስጠት፣ የተከፈለውንም በየጊዜው እየሰረዙ ማደስ ያስፈልጋል።