የውጭ አገር የማስተርስ ትምህርት፦ ቤተሰብ ከብት ከመሸጡ በፊት ሊያውቀው የሚገባ

በጅግጅጋ፣ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬ፣ በሽንሌና በአካባቢው ከተሞች የሚኖሩ፣ በሳይንስና በምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙ በርካታ ወጣቶች ትምህርታቸውን ወደ ውጭ አገር ሄደው የመቀጠል ምኞት አላቸው። ምኞቱ የወጣቱ ብቻ አይደለም። ግመሉን ወይም ከብቱን ሊሸጥ የሚያስብ አባት፣ በውጭ አገር ካለ ዘመድ ገንዘብ የምትጠይቅ እናትም አሉበት። ውሳኔው የአንድ ቤተሰብ የብዙ ዓመት ጥሪት ሊወስድ ስለሚችል፣ አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ይገባል።

በግል ገንዘብ መማር ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ቀድሞ 570 ሺህ ብር ያህል ይጠይቅ የነበረው 10 ሺህ ዶላር ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ለአብዛኛው ቤተሰብ ትክክለኛው ጥያቄ «ምን ያህል እንሽጥ?» ሳይሆን «ማን ሊከፍልልን ይችላል?» የሚለው ነው።

መስኩን ከአገር ችግር መምረጥ

የነጻ ትምህርት ዕድል የሚሰጡ ተቋማት አመልካቹን ከሚጠይቋቸው ዋና ጥያቄዎች አንዱ «ተምረህ ምን ትሠራበታለህ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የአካባቢያችን ልጆች መልስ አያጡም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ ሰፊ ክፍል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው አርብቶ አደሩ እጅግ ብዙ እንስሳት አጥቷል። የቀብሪበያህ ከተማና የስደተኞች ጣቢያዋ ውሃ የሚያገኙት ከጀረር ሸለቆ ጉድጓዶች በቧንቧ ተስቦ ነው። ብዙ ቀበሌዎች ግን ዛሬም የሚተማመኑት የዝናብ ውሃ በሚያጠራቅሙ ቢርካዎች ነው። በሲቲ ዞን ደግሞ 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው የአይሻ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ይገኛል።

የከርሰ ምድር ውሃ፣ መስኖ፣ የአፈርና የግጦሽ መሬት አያያዝ፣ የእንስሳት ጤናና ታዳሽ ኃይል ስለዚህ ከአገር ቤት ችግር የሚነሡ መስኮች ናቸው። ለምሳሌ በጀርመን የድሬስደን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ሳይንስና ምህንድስናን፣ የኦልደንበርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ታዳሽ ኃይልን በእንግሊዝኛ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራሉ። አመልካቹ የዩኒቨርሲቲውን ዝና ብቻ ሳይሆን የኮርሶቹን ዝርዝር ማየት አለበት። ለመግቢያ የሚጠየቁት የሒሳብና የመሠረታዊ ሳይንስ ትምህርቶች በራሱ የውጤት ማስረጃ ላይ መኖራቸውንም ማመሳከር ይገባዋል።

ወጪውን የሚሸፍኑት እነማን ናቸው?

የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራም ተማሪውን ቢያንስ በሁለት አገሮች ያስተምራል፤ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። የሥራ ልምድን በአጠቃላይ ግዴታ ስለማያደርግ ለአዲስ ምሩቃን ይመቻል። አብዛኞቹ ኮርሶች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው።

የጀርመን የልውውጥ አገልግሎት፣ በአጠራሩ ዳድ፣ ከልማት ጋር ለተያያዙ ኮርሶች የሚሰጠው ዕድል ግን ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የመጀመሪያ ዲግሪው ከተያዘ ከስድስት ዓመት በላይ እንዳያልፈውም ይፈልጋል። የብሪታንያው ቺቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፤ እርሱም የሁለት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ ይሻል። የቺቭኒንግ ተማሪ ሲጨርስ ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለበት። የማመልከቻው ጊዜ ከሐምሌ መጨረሻ ገደማ ጀምሮ በመስከረም መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል። እነዚህን ሁለት ዕድሎች የሚያስብ ምሩቅ ሥራ ላይ ያለፈውን ጊዜ እንደ ባከነ ሊቆጥረው አይገባም።

አውሮፓ ብቻ አይደለም መንገዱ። የአፍሪካ ኅብረት የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በአልጄሪያዋ ትለምሰን ከተማ የውሃና የኃይል ሳይንስን፣ በኬንያ ደግሞ መሠረታዊ ሳይንስና ቴክኖሎጂን ከነጻ ትምህርት ዕድል ጋር ያስተምራል። የቻይና መንግሥት ለማስተርስ ተማሪ በወር 3,000 ዩዋን ይሰጣል። የቱርክ መንግሥት የነጻ ትምህርት ዕድልም አለ፤ ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ይከፈታል። በቻይናና በቱርክ ግን አንዳንዱ ትምህርት በአገሩ ቋንቋ ስለሚሰጥ ቋንቋውን ለመማር ተጨማሪ አንድ ዓመት ሊያስፈልግ ይችላል።

በጀርመን አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አያስከፍሉም። ይህ ማለት ግን ያለ ገንዘብ መሄድ ይቻላል ማለት አይደለም። የነጻ ትምህርት ዕድል የሌለው ተማሪ ለቪዛ በዝግ ሒሳብ 11,904 ዩሮ ማስቀመጡን እንዲያሳይ ይጠየቃል። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ በየወሩ 992 ዩሮ እያወጣ ይኖርበታል። ሆኖም አስቀድሞ በአንድ ጊዜ መገኘት አለበት።

ሰነድና ጊዜ

ዝግጅቱ ከጉዞው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። ዋናው ዲግሪ፣ የውጤት ማስረጃ፣ ፓስፖርትና ተማሪውን በሥራው ከሚያውቁ መምህራን ወይም አለቆች የሚጻፉ የድጋፍ ደብዳቤዎች ያስፈልጋሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናን ማለፍ ለመመረቅ ግዴታ መሆኑም አይዘነጋ። የእንግሊዝኛ ፈተናው አይኤልትስ ውጤቱ የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በምትኩ ስለሚቀበሉ፣ ለፈተናው ከመክፈል በፊት መጠየቅ ያዋጣል።

ከደላላ መጠንቀቅ

«ስኮላርሺፕ አስገኝላችኋለሁ፣ ግማሹን አሁን ክፈሉ» የሚል ሰው ካለ ቤተሰቡ ከብቱን ከጉሮኖ አያውጣ። የተጠቀሱት የነጻ ትምህርት ዕድሎች የሚሰጡት በውድድር እንጂ በሽያጭ አይደለም፤ ቺቭኒንግን ለመሰለ ዕድል ማመልከት ራሱ ነጻ ነው። ሕጋዊ ክፍያዎች አሉ፤ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎችን ማመልከቻ የሚመረምረው ድርጅት ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ ያስከፍላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ክፍያ በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ በግልጽ የተጻፈና ለተቋሙ በቀጥታ የሚከፈል ነው፤ ተቀባይነትንም አያረጋግጥም። በግለሰብ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ የሚጠየቅበት፣ ዋና ዲግሪን ወይም ፓስፖርትን «አስቀምጡልኝ» የሚባልበት መንገድ መታመን የለበትም።

ዘንድሮ ያልተሳካለት አመልካች በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መወዳደር ይችላል፤ ለደላላ የተሸጠ ግመል ግን ተመልሶ አይመጣም። ቤተሰብ ጥሪቱን ከመንካቱ በፊት ልጁ ያመለከተበትን ተቋም ስም፣ የሚሸፈነውን ወጪና የሚዘጋበትን ቀን በወረቀት ጽፎ እንዲያሳየው ይጠይቅ። ያንን ማሳየት የቻለ ወጣት የመንገዱን ግማሽ ጀምሯል።