መድኃኒት የተላመደ ጀርም

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ጀርም ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፥ ሐኪም አይደለሁም።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፥ ፔኒሲሊንን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን ያለማምደዋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። በ1950ዎቹ 80/81 የተባለው ስታፊሎኮከስ ፔኒሲሊንን ንቆ በአውስትራሊያ ሐኪም ቤቶች አራስ ሕፃናትን አጠቃ። መድኃኒቱ ደካማውን ጀርም ሲፈጅ፥ ያልተበገረው ቦታውን ይወርሳልና። ዛሬም ክሌብሲየላ የተባለው፥ በእኛም አገር ጭምር፥ የጨቅላዎችን ደም ይመርዛል።

ጨቅላ ቆዳው ስስ፥ እትብቱ ያልደረቀ፥ የሰውነቱም መከላከያ ገና ያልጠና ነው። ጀርሙ ደግሞ እግር የለውም፤ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚያደርሰው በአመዛኙ ያልታጠበ እጅ ነው።

እኅቴ በሐኪም ቤት ስትገላገል ልንጠይቃት የሄድን አምስት ዘመዶች ሕፃኑን እየተቀባበልን ሳምነው። ከመካከላችን እጁን የታጠበ አንድም አልነበረም።