ከሱብሂ በኋላ፦ ሯጩ ብስክሌትና ውሃ ሲያስብ



ሱብሂን በጀመዓ ሰግደው ከመስጊድ እንደወጡ የስፖርት ጫማቸውን አጥብቀው ወደ ሩጫ የሚያመሩ ወጣቶችና አባወራዎች በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያትና በቦሌ ጥቂት አይደሉም። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። የምንሮጠው ሜዳሊያ ለማግኘት ሳይሆን ስኳርንና ደም ብዛትን ለመሸሽ፣ ለቤተሰባችንም በጤና ለመቆየት ነው። ብዙዎቻችንን ወደ ሩጫ የሳበን በኃይሌ ገብረሥላሴ አነሳሽነት በኅዳር 1994 ዓ.ም. የተጀመረው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ነው።

ሆኖም ባለፈው ክረምት አንድ ነገር አሳፈረኝ። የ9 ዓመት ልጄን ዋና ሊማር ወደ መዋኛ ገንዳ ወሰድኩት። እርሱ ውሃው ውስጥ ሆኖ «አባዬ፣ ና ግባ እንጂ!» ሲለኝ ሰበብ ፈጠርኩ። አሥር ኪሎ ሜትር ሳልቆም የምሮጥ ሰው ደረቴ ድረስ የማይደርስ ውሃ ፈራሁ። ልጄ ቢሰጥም ማን ያወጣዋል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ሦስት ስፖርት በአንድነት ስለሚያካትተው ውድድር፣ ማለትም ስለ ትራያትሎን፣ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ትራያትሎን ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን ያለ ዕረፍት አከታትሎ የሚያስኬድ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ገባ። የኦሎምፒኩ ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ለጀማሪ የሚመከረው አጭሩ ደግሞ ግማሹ ሲሆን 750 ሜትር፣ 20 ኪሎ ሜትርና 5 ኪሎ ሜትር ነው። ዋና ለማይችል ሰው ዱአትሎን አለለት፤ ይኸውም መሮጥ፣ ብስክሌት መንዳትና እንደገና መሮጥ ነው። በአጭሩ ዱአትሎን 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ 20 ይነዳል፣ በመጨረሻም 2.5 ይሮጣል።

ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በእኛ አካባቢም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በቦሌ መንገድና በመገናኛ በኩል የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ቢሆንም የራስ ቁር ሳያደርጉ መውጣት፣ ከከባድ መኪና ጎን ለጎን መጋፋት ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነውና እንጠንቀቅ።

ልምምዱ እንዴት ይጀመር? በሳምንት ሁለት ቀን ሩጫ፣ ሁለት ቀን ብስክሌት፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ዋና ለጀማሪ ይበቃል። ብስክሌት ጉልበትን እንደ አስፋልት ሩጫ ስለማይመታ ጉልበቱን ለሚያመው ሯጭ እፎይታ ነው። ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው ሲሮጥ ግን እግር እንደ እንጨት ይደርቃል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ከነዱ በኋላ አሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ መሮጥ ሰውነትን ያለማምዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ገና ጀማሪው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አለመቸኮል ነው። ዋና በአሠልጣኝ ይማሩ፤ የቢሾፍቱ ሐይቆች ጥልቅ ናቸውና ማንም ብቻውን አይግባ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንገዱ ጭር ሳይል እንዳያመልጠኝ ብዬ የሱብሂን ጀመዓ እየተውኩ ቤት ሰግጄ እወጣ ጀመር። ማታ ደግሞ ድካም ስለሚጥለኝ ከልጆቼ ጋር ሳልጫወት እተኛለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ «ለብስክሌቱ ሰዓት አገኘህለት፤ ለመስጊዱና ለእኛስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቀን በመጾም ሌሊት በመቆም ራሳቸውን ባደከሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰውነትም ዓይንም የትዳር ጓደኛም በሰው ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታውሰዋቸዋል። በዒባዳ እንኳ ወሰን ካለ በስፖርት እንዴት አይኖርም! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሁለት ጊዜ ሮጠው በመጀመሪያው እርሷ፣ በኋላ እርሳቸው ማሸነፋቸው ተዘግቧል። ስፖርት ቤተሰብን የሚያቀራርብ እንጂ የሚያራርቅ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

ስለዚህ መርሐ ግብሬን ከሶላት ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። ልምምዴ ከሱብሂ ጀመዓ በኋላ ሆነ፤ እሑድ ደግሞ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እንራመዳለን። በረመዳን ከኢፍጣር ጥቂት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይበቃኛል። ወንዶች ሆይ፣ በገንዳ ውስጥም አውራችንን እንጠብቅ፤ እህቶቻችንም ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት ያለው ገንዳ ይፈልጉ፤ ከሌለም ተሰባስበው ሰዓት እንዲመደብላቸው ይጠይቁ።

አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በ25 ሜትሩ ገንዳ አራት ጊዜ እሄዳለሁ። ለ750 ሜትር 30 ጊዜ ያስፈልጋል። ገና ብዙ ይቀረኛል። ልጄ ግን አጠገቤ እየዋኘ «አባዬ፣ እግርህን አታጥፍ» እያለ ያርመኛል። ኢንሻአላህ መጀመሪያ ዱአትሎኑን እሞክራለሁ፤ የዋናውን ውድድር ቀን ደግሞ መምህሬ እርሱ ይቁረጥልኝ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።