ለማዳው የበቆሎ እባብ ለመዋለድ የሚበቃው መቼ ነው?

በሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከኒው ጀርዚ አንሥቶ እስከ ፍሎሪዳ በተዘረጋው ምድር፣ በጥድ ደንና በእርሻ ዳር፣ በአሮጌ ጎተራና ሰው በለቀቀው ቤት ውስጥ አይጥ እያደነ የሚኖር፣ መርዝ የሌለው፣ ጀርባው ጥቁር ጠርዝ ባላቸው ቀያይ ነጠብጣቦች ያጌጠ የእባብ ወገን አለ። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1766 በሥነ ፍጥረት መዝገብ ያገባው ይህ እንስሳ በተለምዶ የበቆሎ እባብ ይባላል። ጠባዩ ገር፣ አያያዙም ቀላል በመሆኑ በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያሳድጉታል፤ ያሳደጉትም ሰዎች ውለው አድረው ተባዕቱን ከአንስቲቱ ጋር አገናኝተው ዘሩን ለማየት መመኘታቸው አይቀርም። ምኞቱ ነቀፋ የለበትም፤ ነገር ግን እንስሳው ለመገናኘት መፍቀዱና እንቁላሉን በደኅና ለመገላገል መቻሉ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ያላስተዋለ አሳዳጊ፣ ልጅ አገኛለሁ ሲል እናቲቱን ሊያጣ ይችላል።

በዱር ያለችው አንስት መኖዋን የምታገኘው አንድ ቀን ሞልቶላት ሌላ ቀን ጎድሎባት ስለ ሆነ፣ ዕድገቷ ዝግ ያለ ነው፤ ሰውነቷም በቂ ስንቅ ሳያከማች በቀላሉ ወደ ጽንስ አይሄድም። በሣጥን ውስጥ ግን ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ አይጎድልም፣ አይጡም ቀን ተቈጥሮለት ይመጣል፤ ስለዚህ ቁመናዋ ገና ሳይጠና የመዋለድ ባሕርይዋ አስቀድሞ ሊነቃ ይችላል፣ ተባዕቱም ቢሆን ዕድሜዋንና ክብደቷን መርምሮ የሚታገሥ ፍጡር አይደለም። እንግዲህ በዱር ረኃብና ወቅት ይሰጡት የነበረው ፍርድ፣ በቤት ውስጥ በአሳዳጊው ጫንቃ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ልምድ ያላቸው አርቢዎች ለአንስቲቱ ሦስት መስፈሪያዎችን ደንግገዋል፤ እነዚህም ዕድሜዋ 3 ዓመት፣ ርዝመቷ 90 ሳንቲሜትር ያህል፣ ክብደቷም 300 ግራም እንዲሞላ ነው። ሦስቱም በአንድነት መገኘት አለባቸው እንጂ አንዱ የሌላውን ጉድለት አይሸፍንም፤ ምክንያቱም በብዙ መኖ ተገፍታ በሁለተኛ ዓመቷ 300 ግራም የደረሰች እባብ ክብደቷ ስብ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ዓመቷን ቈጥራ የቀጨጨችም ዕድሜዋ አይጠቅማትም። ተባዕቱ እንቁላል የመሸከም ዕዳ ስለሌለበት ከ18 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ ሆኖም በመገናኛው ወራት ከመብል የሚከለከል ተባዕት ብዙ ስለ ሆነ፣ የከሳውን ለዚህ ሥራ ማሰለፍ አይገባም።

ክብደቱን ለማወቅ እባቡን ክዳን ባለው ቀላል ዕቃ ውስጥ አድርጎ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ማስቀመጥና የዕቃውን ክብደት ከድምሩ ማንሣት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ግን ሚዛን የማይናገረውን ዓይንና እጅ ይመርምሩት። የጀርባ አጥንቷ ጎልቶ ጎንና ጎኗ እንደ ጣራ ያዘቀዘቀ እንደ ሆነ ከስታለች፤ ሳትታጠፍ እንኳ በቅርፊቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ተለጥጦ የሚታይ፣ ከወገቧ በታችም ስብ የተቈለለባት እንደ ሆነ ከልክ በላይ ወፍራለች። መልካሙ አካል ድቡልቡል ሆኖ ሲጨብጡት ጠንካራ ሥጋ የሚሰማበት ነው። ስትተነፍስ የምታፏጭ፣ በአፏ አረፋ የሚታይባት፣ የበላችውን የምትመልስ ወይም በቅርፊቶቿ ሥር ደም መጣጭ ተባይ የተገኘባት እባብ ግን፣ መስፈሪያውን ሁሉ ብታሟላ እንኳ አስቀድማ መታከም አለባት።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያሻው ሸክሙ ከባድ ስለ ሆነ ነው። አንዲት አንስት በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 30 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ አስኳሉ ሁሉ ከገዛ ሰውነቷ ስንቅ የሚቀዳ ነው። ጠባብ፣ ደካማ ወይም እጅግ የወፈረች እንደ ሆነች፣ ከፊሉን ጥላ ከፊሉ በሆዷ ሊቀር፣ በሆዷ የቀረውም ሊገድላት ይችላል። ከጣለች በኋላ በጅራቷ አቅራቢያ ያልወረደ እብጠት ያየ ሰው በጣቱ ለመግፋት ቢሞክር የውስጥ አካሏን ሊቀድድ ይችላልና፣ ሳይውል ሳያድር ተሳቢ እንስሳትን ወደሚያውቅ ሐኪም ይውሰዳት።

ብዙ አርቢዎች መገናኘቱ ከመድረሱ በፊት የአገሩን የብርድ ወራት አርአያ ተከትለው፣ ሆዷ ባዶ እንዲሆን ሁለት ሳምንት ያህል መኖ ከልክለው፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ያሳርፏታል፤ ውኃዋ ግን ከቶ አይቋረጥም። ይህ ጾም ለከሳችና ለታመመች እባብ አይታዘዝም። ፀደይ ሲመጣ ሙቀቷ ይመለሳል፣ በትንንሽ መኖ ትጠናከራለች፣ አሮጌ ቆዳዋን ትጥላለች፤ በዚያን ጊዜ በጣቶች ላይ ቀስ ብላ ስታልፍ፣ የለመደ እጅ በሆዷ ውስጥ እንደ መቍጠሪያ ዶቃ የተሰደሩትን የእንቁላል ፍሬዎች ሊለያቸው ይችላል። ተባዕቱ ወደ እርስዋ የሚገባበት ሰዓት ይህ ነው። ከተገናኙ ከ30 እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ትጥላለች፤ ከዚያም ቀደም ብላ ዳግመኛ ቆዳዋን ስለምትጥል፣ ይህ ምልክት ሲታይ እርጥበት ያለው የመጣያ ሣጥን ተዘጋጅቶ ሊቈያት ይገባል።

አንስቲቱ የተባዕቱን ዘር በሰውነቷ አቈይታ በኋላ ልትጸንስበት ስለምትችል፣ ሁለቱን በአንድ ሣጥን አኑሮ ጊዜው ሲደርስ እናያለን ማለት አይበጅም። ደግሞም ከእንቁላሉ የሚወጡት ልጆች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሣጥንና ተቀባይ ባለቤት ያሻቸዋል። በደኅና ከተያዘ 15 ወይም 20 ዓመት ሊኖር ለሚችል እንስሳ የአንድ ዓመት መዘግየት ኪሳራ አይባልም፤ ስለዚህ ከእነዚህ ነገሮች አንዱ እንኳ አጠራጣሪ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ተባዕቱ ለዘንድሮ በራሱ ሣጥን ይቈይ፣ አንስቲቱም መጪው ፀደይ ሲደርስ እንደገና ትመዘን።