ቀዝቃዛ ውኃ የጠበቃቸው መርከቦች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 በሰሜን አሜሪካው የሚሺጋን ሐይቅ፣ ግሪን ቤይ በተሰኘው ሰርጥ፣ የዓሣ አስጋሪዎች መረብ በሐይቁ ወለል ላይ በአንድ ነገር ተያዘ። መረቡን ለማስለቀቅ ወደ 33 ሜትር ያህል ጥልቀት የወረደው ጠላቂ ያገኘው ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ አልነበረም፤ አካሏ ሳይበተን የተቀመጠች የእንጨት መርከብ እንጂ። አልቪን ክላርክ የምትባለው ይህች ባለ ሸራ መርከብ በ1846 ተሠርታ፣ በ1864 በማዕበል ተገልብጣ የሰመጠች ነበረች። ከሁለት ዓመት ሥራ በኋላ፣ በ1969፣ ወደ ላይ ተጎትታ የሞላት ጭቃና ውኃ ሲወጣላት፣ ከ105 ዓመታት የሐይቅ ውስጥ ቆይታ በኋላ ያለ ማንም ድጋፍ ተንሳፈፈች።

ያወጧት ሰዎች ደስታ ግን አልዘለቀም። መርከቧ ለጎብኚዎች ዕይታ ቀርባ ሳለ እንጨቷ ደረቀ፣ ተሰነጠቀ፣ በሰበሰ። ለእንክብካቤ የሚያስፈልገው ገንዘብም ሳይገኝ ቀረ። በ1994 የቀረው አካሏ በማሽን ፈርሶ ተነሣ። ውኃ ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቆ ያቆያትን መርከብ አየር በ25 ዓመት ውስጥ ጨረሳት።

ውኃ እንጨትን እንደሚያበሰብስ ለሚያውቅ ሰው ይህ የተገላቢጦሽ ነገር ይመስላል። ይሁን እንጂ አጥር ያጠረ ገበሬ ምሥጢሩን በከፊል ያውቀዋል። የአጥር እንጨት ቀድሞ የሚበላው ከሥሩ ወይም ከጫፉ ሳይሆን አፈርና አየር በሚገናኙበት አንገቱ ላይ ነው። እንጨትን የሚያበሰብሱት ፈንገሶች እርጥበትንም አየርንም አንድ ላይ ይሻሉ። ሙሉ በሙሉ በውኃ የተዋጠ እንጨት እርጥበቱ ቢትረፈረፍም ፈንገሶቹ የሚሹትን አየር አይሰጣቸውም፤ ከጭቃ ሥር የተቀበረው ደግሞ ኦክስጅን አያገኝም ለማለት ይቻላል።

ታዲያ በባሕር የሰመጡ የእንጨት መርከቦች ለምን እንዲህ አይቆዩም? በጨዋማ ባሕር ውስጥ የመርከብ ትል የሚባል እንስሳ አለ። ስሙ ትል ቢሆንም ከቀንድ አውጣ ወገን ሲሆን፣ በየብስ ምስጥ ቤት ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት በመርከብ ላይ ያደርሳል። እንጨቱን ከውስጥ እየቦረቦረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ ወንፊት ያደርገዋል። ይህ እንስሳ ያለ ጨው አይኖርም። በአሜሪካና በካናዳ መካከል የሚገኙት አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች፣ ማለትም ሱፒሪየር፣ ሚሺጋን፣ ሂውረን፣ ኢሪ እና ኦንታሪዮ፣ ጨው አልባ ስለሆኑ ከእርሱ ነጻ ናቸው።

ቅዝቃዜውም ሌላ ጠባቂ ነው። ብዙ ነገሮች በቀዘቀዙ መጠን እየተኮማተሩ ይከብዳሉ፤ ውኃ ግን የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ መልሶ ይቀላል፤ በረዶ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውም ስለዚህ ነው። ከባዱ ውኃ ወደ ታች ስለሚሰጥም የጥልቅ ሐይቅ ወለል በጋ ከክረምት በ4 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። በዚህ ቅዝቃዜና ጨለማ ውስጥ የባክቴሪያዎች ሥራ እጅግ ይዘገያል። ሱፒሪየር ብቻውን ከጣና ሐይቅ ከ20 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱም እስከ 406 ሜትር ይደርሳል። ባቡር ከመስፋፋቱ በፊትም በኋላም ስንዴ፣ እንጨት፣ የድንጋይ ከሰልና የብረት ማዕድን በእነዚህ ሐይቆች ላይ በብዛት ይጓጓዝ ነበር። የኅዳር ወር ማዕበል ደግሞ ምሕረት አያውቅም። በሐይቆቹ ውስጥ የሰመጡት መርከቦች 6,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

ወደዚያ የሚጠልቁ ሰዎች የሚያዩት ነገር አንዳንዴ ለማመን ያስቸግራል። ራውዝ ሲመንስ የተባለችው መርከብ በኅዳር 1912 ለገና በዓል የሚሸጡ የጥድ ዛፎች ጭና ወደ ቺካጎ ስትጓዝ በሚሺጋን ሐይቅ ከነመርከበኞቿ ሰመጠች። በ1971 በ50 ሜትር ገደማ ጥልቀት ስትገኝ ዛፎቹ በጭነት ክፍሏ ውስጥ እንደተደረደሩ ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ቅጠላቸው አልረገፈም። በኦንታሪዮ ሐይቅ በ90 ሜትር ጥልቀት ላይ ደግሞ ሀሚልተን እና ስከርጅ የተባሉ ሁለት የጦር መርከቦች አሉ። አሜሪካና እንግሊዝ ሲዋጉ፣ በነሐሴ 1813፣ በድንገተኛ ነፋስ የሰመጡት እነዚህ መርከቦች ከነመድፎቻቸውና በፊታቸው ከተቀረጹት የእንጨት ምስሎች ጋር ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

እዚያ መድረስ ግን ቀላል አይደለም። ጠላቂው ውኃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ፣ ከሥሩ ወፍራም የሙቀት ልብስ ደርቦ ይወርዳል። ሰው በ4 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ያለ መከላከያ ጥቂት ሲቆይ ጣቶቹ አልታዘዝ ይላሉ፤ በጥልቀት ውስጥ ደግሞ ሕይወት በጣቶች ላይ ናት። አየሩን ከሲሊንደር እየመጠነ የሚሰጠው መሣሪያም አደጋ አለበት። ታምቆ የነበረ አየር ሲለቀቅ ይቀዘቅዛልና፣ ቀድሞውኑ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ መሣሪያው በረዶ ሊይዝና አየሩን ያለማቋረጥ ሊለቀው ይችላል። በዚህ የተነሣ ልምድ ያላቸው ጠላቂዎች ሁለት የተለያዩ የአየር ምንጮች ይይዛሉ።

ግፊቱ ደግሞ በየ10 ሜትሩ በአንድ የከባቢ አየር ግፊት መጠን ይጨምራል። በውኃው ገጽ ላይ ለአንድ ሰዓት የሚበቃ አየር በ40 ሜትር ጥልቀት ለ12 ደቂቃ ብቻ ይበቃል። ከ30 ሜትር አካባቢ ጀምሮ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደ መጠጥ ያሰክራል፤ የሰከረ ጠላቂም መስከሩን አያውቅም። ለመዝናኛ የሚጠልቁ ሰዎች ወሰን 40 ሜትር የተደረገው አለምክንያት አይደለም። ከዚያ በታች የሚወርዱት ናይትሮጅኑን ለመቀነስ ሂሊየም የተቀላቀለበት ጋዝ ይተነፍሳሉ። ከሁሉ የከፋው ግን መውጣቱ ነው። በግፊት ብዛት ወደ ደምና ሥጋ የገባው ጋዝ፣ ጠላቂው ፈጥኖ ከወጣ፣ ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ በሰውነቱ ውስጥ አረፋ ይሆናል፤ ሽባ ሊያደርግ፣ ሊገድልም ይችላል። ለ20 ደቂቃ ጉብኝት ከአንድ ሰዓት በላይ በቅዝቃዜው ውስጥ እየቆሙ መውጣት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ ስናይ፣ አንድ አሮጌ መርከብ ለማየት ይህን ያህል መድከም ተገቢ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም።

ሁሉም ጥልቅ ነው ማለት ግን አይደለም። በካናዳዋ ቶበርሞሪ ወደብ በ1885 የሰመጠችው ስዊፕስቴክስ በ6 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ስላለች፣ ጎብኚዎች ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ላይ ቆመው ያዩዋታል።

ቅዝቃዜው የሚጠብቀው እንጨትን ብቻ አይደለም። ካምሉፕስ የተባለችው የጭነት መርከብ በታኅሣሥ 1927 በሱፒሪየር ሐይቅ፣ አይል ሮያል ደሴት አጠገብ፣ ተሳፋሪዎቿ በሙሉ አልቀው ሰጠመች። ከ50 ዓመት በኋላ ጠላቂዎች ሲያገኟት በሞተር ክፍሏ ውስጥ የሰው አስከሬን ነበረ። በቅዝቃዜና በእርጥበት ውስጥ የሰውነት ስብ ወደ ሳሙና መሰል ነገር ተለውጦ አካሉን ያቆየዋል። በዚያ ጥልቀት የሞተ ሰው አይንሳፈፍም፤ አይፈርስምም። ስለዚህ ለብዙ ቤተሰቦች እነዚህ መርከቦች ታሪካዊ ቅርስ ከመሆናቸው በፊት መቃብር ናቸው። በኅዳር 1975 ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ ከ29 መርከበኞች ጋር ስትሰምጥ ከአስከሬኖቹ አንዱም አልተገኘም። በ1995 በሟች ቤተሰቦች ጥያቄ ደወሏ ወጥቶ የሟቾቹ ስም የተቀረጸበት ሌላ ደወል በምትኩ ተቀመጠላት። ዛሬ ወደ እርሷ ያለ ፈቃድ መጥለቅ በካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ሕግ ክልክል ነው።

ቀደም ባለው ጊዜ ጠላቂዎች ሳህን፣ መሪ፣ መልሕቅ፣ ያገኙትን ሁሉ ለማስታወሻ ይዘው ይወጡ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት የ1987ቱን የተተዉ መርከቦች ሕግ ካወጣ ወዲህ በየክፍለ ግዛቱ ውኃ ውስጥ ያሉ መሰል መርከቦች የሕዝብ ንብረት ሆነዋል። በሂውረን ሐይቅ የሚገኘው የተንደር ቤይ የመርከቦች ጥብቅ ስፍራም በ2000 ተቋቁሟል። መጎብኘት ይፈቀዳል፤ ማንሣት ግን አይፈቀድም። የአልቪን ክላርክ ዕጣ ለዚህ አቋም ጥሩ ማስረጃ ሆኗል። እርጥብ እንጨትን ማዳን ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ የስዊድንን ቫሳ ማየት ይበቃል። በ1628 ሰምጣ በ1961 የወጣችው ይህች መርከብ እንዳትሰነጠቅ በእንጨቷ ቀዳዳዎች ውስጥ የውኃውን ቦታ የሚተካ ሰም መሰል ኬሚካል ለ17 ዓመታት ሲረጭባት ኖሯል። ይህን ወጪ በሺህ ለሚቆጠሩ መርከቦች የሚችል መንግሥት የለም።

በሐይቁ ወለል ላይ መተዉም ቢሆን ዛሬ እንደ ድሮው ዋስትና አይሰጥም። በ1980ዎቹ ዜብራ እና ኳጋ የሚባሉ፣ ጥፍር የሚያካክሉ ባለ ቅርፊት የውኃ እንስሳት ከጥቁር ባሕር አካባቢ በመጡ የጭነት መርከቦች የሚዛን ውኃ ውስጥ ተደብቀው ወደ ሐይቆቹ ገቡ። እንቦጭ በጣና ላይ ያደረሰውን የተመለከተ ሰው መጤ ፍጥረት ጠላት በሌለበት ውኃ ውስጥ እንዴት እንደሚራባ አያጣውም። ኳጋ በተለይ በቅዝቃዜና በጥልቀት ውስጥም ይኖራል። እየተደራረቡ በመርከቦቹ ላይ ይጣበቃሉ፤ ክብደታቸው የሳሳውን እንጨት ይሰብራል፤ ከሥራቸው የሚፈጠረው ሁኔታም ምስማሮችንና ብረቱን ያዝገዋል። የሚገርመው፣ ውኃውን እያጣሩ ስለሚመገቡ ሐይቆቹን ከቀድሞው ይልቅ አጥርተዋቸዋል። ጠላቂው መርከቧን ከሩቅ ያያታል፤ ሲቀርብ ግን ስሟ የተጻፈበትን ሳንቃ እንኳ ማንበብ ያዳግተዋል።

ሱፒሪየር እስካሁን በአብዛኛው ከዚህ ተርፏል። ውኃው እነዚህ እንስሳት ቅርፊታቸውን የሚሠሩበት ካልሲየም ስለሚያንሰው እንደ ሌሎቹ ሐይቆች አልተመቻቸውም። በሌሎቹ ግን ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ከጊዜ ጋር እየተሽቀዳደሙ ነው። አንዲት መርከብ በተገኘች ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች ከየአቅጣጫው ያነሣሉ፤ ፎቶግራፎቹንም በኮምፒውተር አጋጥመው ሙሉ ቅርጿን ያስቀራሉ።