ያረጀና ድንጉጥ ውሻን ስለማላመድ

ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ አያትና ጎሮ ድረስ፣ ግቢ ያለው ቤት ውሻ አያጣም ነበር። ሌባ ይጠብቃል፣ ማታ ከየካ ተራራ የሚወርደውን ጅብ ይጮኽበታል፣ የተረፈውን ይበላል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ግን ኮንዶሚኒየም እየተስፋፋ፣ አሮጌ ሰፈሮችም እየተነሡ ሲሄዱ፣ ቤተሰቡ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ አራተኛ ፎቅ ይገባና ውሻው እዚያው ፍርስራሹ ላይ ይቀራል። ቡችላ ከሆነ የሚወስደው አይጠፋም። ካረጀስ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። የበላበት በር ከፈረሰ ወዴት ሄዶ ይጩህ?

በሌላው ዓለም እንዲህ ያሉ ውሾች በመጠለያ ይሰበሰባሉ። ከታወቁት አንዱን ሜሪ ቲልቢ የተባለች ሴት በ1860 እ.ኤ.አ. በለንደን አቋቁማው ዛሬም ባተርሲ በሚል ስም ይሠራል። ሰው እየሄደ መርጦ ይወስዳል። እዚያም ቢሆን ቶሎ የሚወሰደው ቡችላው ነው፤ ሽማግሌውና ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠው ወደ ኋላ ይቀራል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የብዙዎቹ መጠለያ የሰው አጥር ሥር ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ከምግብ አዳራሹ ጀርባ የሚተኛው ቡናማ ውሻ ነው። ከአጥራችን ወዲያ የነበረው ሰፈር ሲነሣ ቀርቶ፣ ከመስከረም ጀምሮ በግቢያችን አለ። በየማደሪያ ክፍሉ ስለ እርሱ ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው «መርዝ ይሰጠውና እንገላገል» ሲል፣ ሌላው «ኧረ ተዉት፣ ምን አደረጋችሁ?» ይላል። እኛ በሁለቱም አንስማማም። የሠርቶ ማሳያው ት/ቤት ልጆች በታችኛው በር ሲወጡ በአጠገቡ ስለሚያልፉ ዝም ብሎ መተው አይቻልም።

መርዙን በተመለከተ፣ በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ የሚሌኒየሙ በዓል ሲቃረብ በከተማችን ብዙ ውሾች እንደተገደሉ በወቅቱ በዜና ተነግሮ ነበር። ታዲያ ውሻ ከአዲስ አበባ ጠፋ እንዴ? ቆሻሻና ትርፍራፊ እስካለ ድረስ ሟቹ የለቀቀውን ቦታ ሌላ ውሻ ይይዘዋል፤ አዲሱ መጪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያልተከተበ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት የሚመክረው ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ ነው። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። በበሽታው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ማለትም ነገ እኛ የምናስተምራቸው።

አንዳንዶች «ተደብቆ የሚውለው አብዶ ነው» ይላሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት የታየበት ውሻ ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። ይህኛው አምስት ወር ሙሉ ተደብቋል። ስለዚህ መደበቁ የበሽታ ሳይሆን የፍርሃት ነው ማለት ነው። ገና አልተከተበምና ይህ ዋስትና አይሆንም፤ ምክንያቱን ግን ያሳየናል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ለሚለው መልሱ በሥነ ልቡና ደብተራችን ውስጥ አለ። ፓቭሎቭ ለውሻ ምግብ ከመስጠቱ በፊት አንድ ድምፅ እየደጋገመ ሲያሰማው፣ በኋላ ድምፁ ብቻውን የውሻውን ምራቅ ያመጣ ጀመር። ያው ሕግ በፍርሃትም ይሠራል። እስቲ በሰፈራችሁ መንገድ ላይ አንድ ውሻ ፊት ጎንበስ በሉ። የጫማችሁን ክር ለማሰር እንኳ ብትጎነበሱ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ከቶ ይሸሻል። ጎንበስ ማለትና ድንጋይ ዕድሜውን ሙሉ ተከታትለው መጥተውበታላ! እኛም ልጆች ሳለን ይህን ትምህርት ስንሰጥ ነው ያደግነው።

የተለመደ ፍርሃት እንዴት እንደሚለቅ ደግሞ ሜሪ ከቨር ጆንስ በ1924 እ.ኤ.አ. አሳይታለች። ፒተር የተባለ ትንሽ ልጅ ጥንቸል ይፈራ ነበር። የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን በሽቦ ቤት አድርጋ ከሩቅ አስቀመጠችለት፤ ከዚያም ልጁ ሳይረበሽ ቀስ በቀስ አቀረበችው። በመጨረሻ ፒተር በእጁ ዳሰሰው። የፍርሃቱ ምልክት ከሚወደው ነገር ጋር ተጣመረ፤ ርቀቱን የሚወስነውም ፈሪው ራሱ ነበር። በክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር የማይነሣውን ተማሪ በግድ ሰሌዳ ፊት የሚያቆም መምህር ይህን ቢያነብ ጥሩ ነበር።

በውሻው ላይ የሞከርነው ይህንኑ ነው። ከኅዳር መጀመሪያ አንሥቶ የማታው ዘበኛችን በየዕለቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ፣ ያንኑ ካፖርት ለብሶ፣ ምግቡን ከውሻው ሃያ እርምጃ ላይ ያስቀምጥና ጎኑን ሰጥቶ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። አይጠራውም፣ ዓይን ለዓይን አያየውም፣ እጁን አይዘረጋም። ሃያው አሥራ አምስት ሆነ፤ ቀጥሎ አሥር። የገና ዋዜማ ርችት ሲተኮስ ውሻው ሦስት ቀን ጠፋና ተመልሶ ሲመጣ ከሃያ እርምጃ እንደገና ተጀመረ። እንዲህ ያለው ወደ ኋላ መመለስ የታወቀ ነገር ስለሆነ መቸኮልም መቆጣትም አያሻም። በጥር መጨረሻ ላይ ውሻው ራሱ መጣና የካፖርቱን ጫፍ አሽትቶ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው! ዘበኛው ግን ጠዋት ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ዋለ።

የውሻ ፍርሃት ከመንከስ በፊት ይታያል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይመጣ ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ የዓይኑ ነጭ ይገለጣል። ይህን ያየ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይበል። ሲያጉረመርም መምታት ደግሞ ትልቅ አደጋ አለው፤ ማጉረምረም በዱላ የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ መንከስን ይማራል።

እርጅናውም ለብቻው መታየት አለበት። አፈ ሙዙ ሸብቷል፣ ዓይኑ ሰማያዊ ጉም የለበሰ ይመስላል። ይህ ጉም ብዙ ጊዜ ከዕድሜ የሚመጣ ነው፤ የግድ ታውሯል ማለት አይደለም። ጆሮው ግን ሳይከብደው አልቀረም፤ ስለዚህ ተኝቶ ሳለ ከኋላ መጥቶ መንካት አይገባም። ከራቅ ብሎ መሬቱን በእግር መታ መታ ማድረግ ይሻላል፤ ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል። ጠዋት ሲነሣ የሚያነክሰው መገጣጠሚያው ስለሚያመው ይሆናል፤ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ብርድ ገለባ የተሞላ ጆንያ ብዙ ይረዳዋል።

ምግብን በሚመለከት፣ ከአዳራሹ የሚተርፈው ወጥ አይሆንለትም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰባብሮ አንጀት ይወጋል። በውኃ የራሰ እንጀራ ከተቀቀለ ጉበት ጋር ይሻላል። «የተቀቀለ» ያልነው በምክንያት ነው። ከሥጋ ቤት የሚጣል ጥሬ ሳንባና ጉበት ውኃ የቋጠረ የትል ከረጢት ሊኖረው ይችላል። ውሻ ሲበላው ትሉ በአንጀቱ ያድጋል፤ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ከገባ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል።

እንግዲህ ማን ይውሰደው? ከመካከላችን «እኔ እወስደዋለሁ» ያሉ ነበሩ፤ ነገር ግን እኛ ሠልጣኞች ተመርቀን በየወረዳው የምንበተን ሰዎች ነን። አንድ ጊዜ የተተወን ውሻ አልምዶ እንደገና መተው ከመጀመሪያውም የከፋ ነው። ዘበኛው ግን ቋሚ ሠራተኛ ነው፣ ጎሮ አካባቢም ትንሽ ግቢ አለው። «ሽማግሌ ለሽማግሌ እንጦራረሳለን» ብሎ ለመውሰድ ቃል ገብቷል። በቅድሚያ ግን ክትባት ያስፈልጋል፤ የእንስሳት ሐኪም ከመምጣቱ በፊትም ውሻው ገመድ መልመድ አለበት። አሁን ገመዱ ከምግቡ ሳህን አጠገብ እየተቀመጠ ነው።

እስከዚያው ድረስ ማንም አይንካው። ሰውን ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ፓስተር በሐምሌ 1885 እ.ኤ.አ. የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን ያዳነው ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ስለከተበው ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የሠርቶ ማሳያው ልጆች ክትባቱ እስኪደርስ በላይኛው በር እንዲወጡ መምህራኑን ጠይቀናል፤ የሳምንቱ ተረኞችም ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ታችኛው በር ላይ እንድትቆሙ እናሳስባለን።